የክሩ ጫፍ

«ክር በስንት ጊዜ ነው የሚቀየር?» ብሎ
ጠየቀኝ አንድ ልጅ ዘንጉን አንጠልጥሎ፤
ከዓለም ከተማ በአይሱዙ የወረደ፣
ጫማው ገና አዲስ፣ ጀማን ያልለመደ።

በወር ብዬ እንዳልነግረው፣ ወር ጠጠር አይረግጥም፤
በዓመት ብዬ እንዳልነግረው፣ ዓመት መንጠቆ አይውጥም።

አባቴ ሞላልኝ፣ ያኔ ጉልበት ሳለው፣
«ክር ዕድሜ የለውም፤ ክር ቁስል ነው ያለው፤
ፀሐይ ሲጠብሰው፣ አሸዋ ሲልገው፣
ካለት ጥግ አምባዛ ሲሮጥ ሲፈትገው፣
ዐይንሽ ሳያየው ነው ውስጡ የሚላላው» ይል ነበር።

«የነጠላሽን ጫፍ በሁለት ጣት ያዢ፣
ክሩን በመሃሉ ቀስ አርገሽ ምዘዢ፤
ጥጡ ከያዘበት፣ ጭረት ካስቀረበት፣
ክንድ ጨምረሽ ቁረጪ፣ አትዘኚለት።»

ሁለቴ ግን አይቀርም፤
አንዱ መስቀል ሲያልፍ፣ ጀማ ሲጠራለት፣
ክረምት ያወረደው ግንድ አሸዋ ሲውጥለት፤
ሌላው ሁዳዴ ሳይገባ፣ ያ የዘወትር ጭቅጭቅ፣
«ዓሣ ይጾማል»፣ «አይጾምም»፣ ትርንጎ ሆቴል ሳይሞቅ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግን አልቀየርኩም።
ከድር ሱቅ ሄጄ ክሩን በክንድ ሳስለካ፣
ካምናው በዕጥፍ ሄዶ ዋጋው ጣራ ነካ።
ደብተር ያልተገዛለት መኩሪያው ወንድሜ አለ፤
«እስከ ጥር ይቆያል» ሲል ልቤ ሸነገለ።

ጥር ላይ፣ ከድልድዩ በታች፣ ውሃው ጠቁሮ ሲያንቀላፋ፣
አንድ ነገር ሳበ፤ ዘንጌ ወደ ውሃ ተደፋ።
ሠላሳ ክንድ ሄደ፤ አርባ፤ መዘውሩ እያፏጨ፤
ጭራው ብቅ አለና ፀሐይ ላይ ውሃ ረጨ።

ከዚያ ዝም።

ክሩ ቀልሎ፣ እንደ ድር፣ ነፋስ ላይ ተመለሰ፤
ከቋጠሮው አይደለም፣ ከመሃል ነው የተበጠሰ፤
እኔ ባጥር ላይ ሰቅዬ ፀሐይ የላሰው ቦታ።
መንጠቆዬን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ሄደ፣ የኔ ጌታ።

ማታ ለአባቴ ስነግረው ቁጣ አልወጣም ካፉ፤
መዘውሩን ተቀበለኝ፣ ዳበሰው እስከ ጫፉ፤
«ሁሉን አትጣዪው፤
ከሥር ያለው ፀሐይ አላየም፤ የኔ ነው፣ ተዪው።
ሃምሳ ክንድ ያህል ከታች አስቀሪ፤
አዲሱን ከላዩ በእጥፍ ቋጠሮ ቋጥሪ፤
ምራቅ ቀቢና ሳቢው፣ በደረቁ አታጥብቂው፤
የታመመ እንደምትደግፊ፣ ቀስ ብለሽ አስጠጊው።»

እንዳለኝ አደረግኩ።
አሁን መዘውሬ ላይ
ከላይ የከድር ሱቅ ክር፤ ከታች ያባቴ ቢጫ።
ትንሽ ዓሣ አይደርስበትም፤ ትልቅ ሲሄድ ብቻ፣
ያቺ ቋጠሮ በቀለበቱ ስታልፍ
«ጠቅ!» ትላለች።
እስከ ዛሬ ሁለቴ ሰምቻታለሁ።
አንዱን አወጣሁት።
አንዱን አልናገርም።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም።
«ነጠላ አለህ?» አልኩት። ከየት ያመጣል፣ ሹራብ ነው የለበሰው።
የኔን ሰጠሁት።
«አዲስ ነው እኮ፣ ትናንት ነው የገዛሁት» እያለ መዘዘ፤
አንድ ቦታ ላይ፣ ከዚያም ሌላ ቦታ ላይ፣ ጥጡ ያዘ።
ቀና ብሎ አየኝ። መቀሱን አቀበልኩት።
ጥቂት አመነታ፤ ገንዘቡን እያሰበ ይሆናል፤
ከዚያ ቆረጠ፣ ከሚገባውም አሳጠረ፣
ክንድ መጨመር ገና አልተማረ።

ፀሐይዋ ገደሉን ስትይዝ ዳገቱን ወጣሁ፤
ሦስት ነጭ ዓሣ፣ በሳር የተሸፈኑ።

አባቴን ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ መደቡ ላይ ነው የሚውለው።
ስገባ «ስንት ያዝሽ?» አይለኝም።
እጁን ይዘረጋል።
የክሩን ጫፍ አቀብለዋለሁ።
ጣቱ ደንዝዟል፤ ከንፈሩ ግን አይዋሽም፤
በከንፈሩ መሃል ቀስ አድርጎ ይስበዋል፣
የሆነ ቦታ ሲደርስ ያቆማል፣
ዐይኑን ይጨፍናል፣ መልሶ ይስበዋል።

«ሁለት ክንድ» ይላል።

መቀስ አመጣለሁ።